ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ

ተክሌ ሆዴ፣

በሞት ከተለየኸኝ ወዲህ አንድ ፋሲካ አልፎ ሌላው ደርሷል። እንዴት ሰነበትክ ልልህ አልኩና ሳቄ መጣ፤ አንተ ምን ትሆናለህ፣ ጣጣው ለእኛ ነው። ልጃችን ሣራ በቁመት በልጣኛለች፤ ስቆጣት በጣሊያንኛ ትመልስልኛለች። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታድሷል። አገር ቤት ያው ደርግ እንዳለ ነው፤ እህትህ ግን ደህና ናት፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ደውዬ ድምጿን ሰምቻለሁ።

ትልቁ ወሬ ሌላ ነው። አስመራ፣ በአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር የሜዳ ሣር ስታጭድ የለመድከውን ቤዝቦል እዚህ ሮም ለሐበሻ ልጆች ያስተማርክበት፣ ከቲቡርቲና ጀርባ ያለው ሜዳ ባዶውን ሊቀር ነበር። አንተ ከሄድክ፣ ሯጭ ነጥብ ከማስቆጠሩ በፊት በመጨረሻ በሚረግጠው ማረፊያ፣ ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሂድ ተመለስ እያለ ሯጮቹን የሚመራ ጠፋ። ልጆቹ በቃ እንበተን አሉ። ምን ሲደረግ! አንድ ጨዋታ እኔ ልምራችሁ፣ ከተሸነፍን ያኔ ትበተናላችሁ አልኳቸውና ኮፍያህን አጠለቅኩ። ሐሙስ ከሰዓት፣ በእረፍቴ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሹራብ ስሠራ የማልሰማ ይመስልህ ነበር አይደል? አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ከሦስተኛው ቤዝ ስትወጡ ወደ ነጥብ ቦታው ከሚወስደው መስመር ውጭ፣ ስትመለሱ በመስመሩ ላይ ትላቸው ነበር። ውጭ ከሆኑ የተመታ ኳስ ቢነካቸው ከጨዋታ አይወጡም፤ መስመሩ ላይ ከተመለሱ ደግሞ ከመቺው ጀርባ ያለው ኳስ ያዥ ወደ ቤዙ የሚወረውርበትን ይጋርዱበታል። ይሄ ቀላሉ ነው። ያስቸገረህ አስተዳደጋችን ነበር። ከቤዙ ርቀው ሳሉ አንድ ነገር ስትላቸው ትልቅ ሰው አናገረን ብለው ዞር ይሉና አቤት ይላሉ። ኳሱ በጀርባቸው ደርሶ ይነካቸውና ከጨዋታ ያስወጣቸዋል፣ ጉድ ይሠራቸዋል። ዳዊትማ አንዴ እጅ ሲነሳህ ነው የተያዘው! ተጋጣሚዎቻችን ጣሊያኖቹ ምን ነካቸው እያሉ ይገረሙ ነበር። ሳናግራችሁ አትዩኝ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ እያልክ ጉሮሮህ እስኪደርቅ ጮኸሃል።

አሎራ፣ እንግዲህ ያለፈው ሐሙስ መጨረሻው ላይ እኩል ለእኩል ነን፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያ ዳዊት። ወርዋሪው ሊወረውር ሲነሳ ዳዊትን ውጣ አልኩት። ከመስመሩ ውጭ አድርጎ ወጣ። ኳሱ ሳይመታ ቀረና ያዡ እጅ ገባ፤ ያዡ ቀና ብሎ ወደ እኛ ሊወረውር ሲል ተመለስ አልኩት። አሁን ዞሮ አቤት ይለኛል ብዬ ፈራሁ። አላየኝም! መስመሩን ይዞ ተመለሰ፣ የተወረወረው ኳስ ትከሻውን መትቶ ወደ ጥግ ተንከባለለ። ሂድ ብዬ ስጮህ ሄደ፤ ነጥቧ የምትቆጠርበት ካዛ ላይ በደረቱ ተንሸራትቶ ገባ። አሸነፍን።

ከአቧራው ተነስቶ መጣና፣ እትዬ ሲያናግሩኝ ስላላየሁዎት ይቅርታ አለኝ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። እንዳንተ አድርገህ ቀርጸኸዋል፤ ኮራሁብህ።

ቡድኑ አልተበተነም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ኮፍያህን አድርጌ እዚያው እቆማለሁ፤ እኔ እስካለሁ ቦታህ ባዶ አይሆንም፣ ስምህም ከሜዳው አይጠፋም። እኔም አንዳንዴ በመሃል የሆዴን አጫውትሃለሁ። ሳናግርህ ባታየኝም ግድ የለም ተክሌ፣ ጆሮህን ብቻ ስጠኝ።

ያንተው አልማዝ