ጠበል ውሃ ነው እንዴ?

ደሳለው፣ እዚህ ዴልሂ ድረስ መጥቼ የተዋረድኩት በአንተ ነው። ዓይኔን ቢጫ ያደረገው ምን እንደሆነ ለማየት ሐኪሙ በአፌ ቱቦ ሊሰድ ቀጠረኝ። ነርሷ በልጄ በዝናሽ አስተርጓሚነት «ከትናንት ማታ ወዲህ የቀመሱት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እህልም ውሃም አልቀመስኩም» አልኩ፤ እውነቴን ነው። ሐኪሙ ቱቦውን ቢሰድ ሆዴ ጣናን አክሎ ጠበቀው! ሻንጣዬ ውስጥ የከተትክልኝን ጠበል ማለዳ ተነስቼ እስከ ግማሽ ጠጥቼው ነበር። ጠበል ደግሞ ጾም ያስገድፋል እንዴ? ዝናሽ ይህን ለሐኪሙ ለማስረዳት ላብ አጠመቃት። ለማግስቱ ቀጥረው በባዶ ሆዴ አሳደሩኝ።

በማግስቱ የሰደዱት ቱቦ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብርሃን አለው። ሲያበሩበት ጤነኛው የሐሞት መስመር አረንጓዴ ሆኖ ይፈካል፤ ካንሰር የነካው ይጠቁራል። ምስሉን አሳዩኝ፤ ውስጤ የነሐሴን የጉና ገብስ መስሏል። አንተ ብታየው እንደ ልማድህ በሬህን ትለቅበት ነበር። መሃሉ ላይ ግን የተልባ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር አለች። ቆንጥረው መረመሯት፤ ካንሰር ናት፣ ግን በጊዜ ተይዛለች ብለውኛል። ሐሙስ ቆርጠው ያወጧታል። የተረፈውን ጠበል ዝናሽ ከወዲሁ ቆልፋበታለች።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለባለቤቴ ለጌጤ አረንጓዴውን ብቻ ንገራት። ካርዱ ገላጣ ነው፤ ይህን የምታነበው የፖስታ ቤት ሰው፣ አንተም አደራህን።

ሙሉቀን