ገመዱ ሻጩ ዘንድ የቀረው ሞተር

ማክሰኞ

መቶ አስራ ስምንት ሺህ ኪሎሜትር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የቆጣሪውን መስታወት በመሀረቤ ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ሞተሯን ያገኘኋት ሁሩታ፣ ሐጂ ከድር ግቢ፣ ሸራ ለብሳ ነው። ለረጅም መንገድ የተሠራች ትልቅ ሞተር፣ ግራና ቀኝ ሳጥን ያላት። መድኃኒቴም፣ ቦት ጫማዬም፣ የላም ማዋለጃ ገመዴም ይገባል።

"ልጅዎ ነው የነዳት?" አልኳቸው። ሐጂ ሰባ ያለፋቸው ይመስለኛል። "የምን ልጅ? እኔ ነኝ እንጂ" አሉ። ለካ በየከተማው የስፌት መኪና እየጠገኑ ሞያሌም ነቀምትም ጅግጅጋም የሄዱት በእሷ ነው። "አሁን ጉልበቴ እምቢ አለ፣ ኢንታለ ኮ።" በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

እገዛታለሁ። ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ተበላሽቶ ዲክሲስ አካባቢ በእግሬ ስደርስ ላሚቱም ጥጃዋም ሞተው ጠበቁኝ። የተቀጠርኩት እንስሳ ላክም እንጂ ለቅሶ ልደርስ አይደለም።

ረቡዕ

ገዛኋት። ሁለት ምስክር ባለበት ውል ተፈራረምን፤ አሰላ ያለው የቤቴ አድራሻም ሰፈረ። ስም የሚዞረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሐጂ አንዱን ቁልፍ ሰጡኝና ሁለተኛውን ኪሳቸው ከተቱት። "ከብት ሲሸጥ ገመዱ ለሻጩ ይቀር የለ?" አሉ።

ይቀራል። ገመዱ አብሮ ከሄደ የበረቱ በረከት አብሮ ይሄዳል ይባላል፤ ገበያ ላይ ስንቴ አይቻለሁ። ሳቄ መጣና "ይቅርልዎ" አልኩ። ምስክሮቹም ልክ ነው ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ወደ አሰላ ዳገት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ፍሬን ከያዝኩም የኋላውን፣ በእግሬ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተር እንዳስለመደኝ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስዘፍን መጣሁ። ቅዳሜ ዴራ እወርዳለሁ፤ ፍየል የሚያስከትቡ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው። ለሐጂም ነግሬያቸዋለሁ።

ሐሙስ

ሞተሯ የለችም።

ጠዋት ዝናብ ነበር። ዲክሲስ አንዲት ላም ምጥ ይዟት ባለቤቷ በአይሱዙ መጥቶ ወሰደኝ። ጥጃው በሕይወት ወጣ፤ እናትየውም ተረፈች። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። አመሻሽ ላይ ደስ ብሎኝ ስመለስ ግቢው ውስጥ የቀረው የዘይት ጠብታ ብቻ ነው።

አከራዬ እትዬ ጽጌ ወጡ። "ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ በቁልፍ አስነስተው ወሰዷት። አባትሽ መስለውኝ ሻይ ይጠጡ ብያቸው ነበር፤ እቸኩላለሁ አሉኝ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በምስክር ፊት ለሌባ ቁልፍ ያስረከበ ሰው ከእኔ ሌላ ይኖራል? ፖሊስ ጋ ሄጄስ ምን ልበል? ገመድ ነው ብዬ ነው?

ስልኬን ስሰካው ሐጂ ስድስት ጊዜ እንደደወሉ መልእክት ገባ። ሌባ ስድስት ጊዜ ይደውላል ወይ ብዬ የማስብበት ልብ አልነበረኝም። መልሼ ስደውል አያነሱም።

ዓርብ

ሚኒባስ ውስጥ ስድብ ስመርጥ ሁሩታ ደረስኩ። "በዚህ ሽበትዎ" የሚለው የመጀመሪያው ነበር። "ሐጅ የሄዱት ለዚህ ነው?" ሁለተኛው። አንዱም አልወጣኝም።

ሐጂ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጠው የሞተሯን የፊት ጎማ ፈተዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ግሪስ ነው። ቀና ብለው አዩኝና "ፊት ፍሬን የላትም" አሉ።

ምን ማለት ነው አልኩ።

"ስድስት ዓመት ይሆናታል። እኔ ቁልቁለት የምወርደው በማርሽና በኋላ ፍሬን ነው። ለምጄው ረሳሁት፣ ወላሂ። ትናንት ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግጄ ስነሳ ትዝ አለኝ። ብደውል አይሠራም። ዴራ እወርዳለሁ ብለሻል። በቃ፣ መጥቼ ወሰድኳት።"

"ለአከራዬ መናገር አቅቶዎት ነው? ስደውልስ አያነሱም?"

"አፈርኩ፣ ኢንታለ ኮ። እንከኑን ደብቄ ሸጥኩ ብዬ ላወራ ነው?"

ከኢተያ ወደ ዴራ የሚወስደው ቁልቁለት ዓይኔ ላይ መጣ። እሳቸው ደግሞ ትናንትም ያለ ፊት ፍሬን ነው ከአሰላ ድረስ የነዷት።

"ሌላስ የለመዱት እንከን አለ?" አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "የለመድኩትን በምን አውቀዋለሁ? አንቺው ትነግሪኛለሽ።"

ከሰዓት በኋላ ፍሬኑ ተገጠመ። ግቢው ውስጥ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ይይዛል። ትርፉን ቁልፍ ዘረጉልኝ። አልተቀበልኳቸውም። እዚያው ይቀመጥ።

ቅዳሜ

ዴራ ገባሁ። ፍየሎቹ ተከተቡ።

ቁልቁለቱ መሃል የአህያ ጋሪ ድንገት መንገዱ ውስጥ ገባብኝ። ክላክስ ተጫንኩ፤ ዝም። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። ጋሪው ላይ የነበረችው ሴት ዓይኗን ጨፍናለች። ሞተሯ አህያዋ ጋ ልትደርስ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች። አህያዋን ነድታ አለፈች።

ከዚያ ጥግ ይዤ ክላክሱን ሞከርኩት። የሚጮኸው መሪው ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ ነው።

ለሐጂ ደወልኩላቸው። ዛሬ ወዲያው አነሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አልሐምዱሊላህ አሉ። ክላክሱ መሪው ሲታጠፍ ብቻ እንደሚጮህም ነገርኳቸው።

"እንዴ" አሉ፣ "የሌሎቹ ሞተሮች ክላክስ መሪው ቀጥ ብሎም ይጮሃል?"