የንባብ ቤቱን ቁልፍ ስለማስረከብ

ጥቅምት 15 ቀን 1982 ዓ.ም.
አሰበ ተፈሪ

ለተከበሩ ጓድ ጎበዜ ይርዳው
የአርአያ ተቋማት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በስብሰባ ብዛት የተነሣብዎት የወገብ ሕመም ቀለል ብሎልዎት ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። ስለ ሕመሙ የነገረችኝ ጸሐፊዎ ናት። ባለፈው ዓመት ለአምስት ቀን ቢሮዎ ደጃፍ ስቀመጥ፣ እንዳይብስብዎ በመስጋት ማንም ሊያስገባኝ ስላልደፈረ፣ በአካል ቀርቤ ሳልጠይቅዎ ቀርቻለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኛ ደኅና ነን። ንባብ ቤታችንም ደኅና ነው፤ ያስቀቡልን ሰማያዊ ቀለም እስከ ዛሬ አለቀቀም።

ጥቅምት 10 ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ንባብ ቤታችን «በሁሉም የዕድሜ ክልል ላሉ የኅብረተሰብ ክፍሎች በሚሰጠው አገልግሎት» ዘንድሮም በአርአያነት ስለተመረጠ፣ እንግዶች እስኪጎበኙት ንጽሕናው እንዲጠበቅ ለሁለት ሳምንት እንደሚታሸግና ቁልፉን እንዳስረክብ አዘውኛል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ቁልፉ የት እንዳለ ከመግለጼ በፊት፣ ከአምናው ክብር ያገኘናቸውን ጥቅሞች በቁጥር ለይቼ ባቀርብልዎ ለኮሚቴዎ ሪፖርት ይረዳ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

1ኛ. የተመረጥንበትን አገልግሎት በዓይንዎ የማየት ዕድል ስላልገጠመዎት፣ ለማስታወስ ያህል እገልጻለሁ።

ሰኞ የሕፃናት ቀን ነው። እኔ ተረት በአማርኛ አነባለሁ፤ ሰዓዲያ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በኦሮምኛ ትደግምላቸዋለች። እሷ ስትደግመው ተረቱ በእጥፍ ይረዝማል፣ ሳቁም ይበዛል። ምን እንደምትጨምርበት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ረቡዕ ሽማግሌዎች ከሦስት ቀን በፊት የወጣ ጋዜጣ ይነበብላቸዋል። ሼህ አብዱልቃዲር ገና ሳይቀመጡ «የስኳሩ ነገር ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የለም ስንላቸው «እንግዲያው ሌላውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ አያስቸኩልም» ይላሉ።

ሐሙስ ከገበያ በኋላ የደብዳቤ ቀን ነው። ልጆቻቸው በጦሩ ውስጥ ያሉ እናቶችና አባቶች የፖስታ ሣጥን ስለሌላቸው፣ ደብዳቤያቸው በንባብ ቤቱ ሣጥን ቁጥር ይመጣል። የፖስታ ቤቱ መልእክተኛ ታጁዲን ያደርሰናል፤ ሐሙስ በጉባኤ ፊት ይነበባል። በዚህ ቀን አንድ ሥርዓት አለን፤ የራሱን ደብዳቤ ራሱ የሚያነብ ሰው የለም። ማንበብ ቢችልም እንኳ ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ የጎረቤቱን ይቀበላል። ሥርዓቱን ያመጣችው ረዲያ የምትባል እናት ናት። መሠረተ ትምህርት በጨረሰች ሰሞን የመጣላትን ወረቀት ራሷ አነበበች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አጠፈችው፤ «ደኅና ነኝ ይላል» ብላን ወደ ቤቷ ሄደች። ልጇ መሞቱን የሰማነው ከወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ከወረቀት ጋር ብቻውን እንዳይቀር ተስማማን። ይህ ሥርዓት በመመሪያ ያልወጣ መሆኑን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ከአንባቢዎቻችን አንዷ ወይዘሮ ሞሚና ናቸው። እኛ «አዮ» እንላቸዋለን፤ በአገሬው ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። መንገድ ዳር ሽንኩርት ይሸጣሉ። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ፊደል ቆጠሩ፤ ዛሬ የሰው ደብዳቤ እንደሳቸው አጥርቶ የሚያነብ የለም፣ ቀስ ይላሉ እንጂ። አንድ ልጃቸው ጂብሪል ጅጅጋ ካለው ጦር ጋር ነበር። እናቱ ማንበብ ተማሩ ቢባል አላመነም። «አዮ፣ አንቺ ማንበብ ከቻልሽ እኔ ጄኔራል ነኝ» ብሎ ጻፈ። ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ ከሁሉ አብልጠው የሳቁት እሳቸው ነበሩ። መልሱን በገዛ እጃቸው ጻፉት፤ አንድ ሙሉ ገጽ ፈጀ። ጽሑፉ ይህ ነው፦ «ጄኔራል ጂብሪል። እናትህ ነኝ። በእጄ ጻፍኩ። አንተስ በላህ?»

ይህ የሆነው ንባብ ቤቱ አርአያ ከመሆኑ በፊት ነው።

3ኛ. ጥቅምት 21 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮሚቴዎ ቀለም ቀቢዎች፣ አዲስ መጋረጃና የእንኳን ደኅና መጣችሁ ጽሑፍ ላከልን። ቀለሙ ሲደርቅ አንባቢ እንዳያቆሽሸው በሩ ተቆለፈ። በበሩና በመቃኑ መካከል አራት ጣት የሚሰፋ ወረቀት ተለጥፎ ማኅተም ተመታበት። ርክክቡ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅዎትም። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎት አንድ ሰው እንኳ ደክመሻል ብሎኝ አያውቅም ነበር። ለሰዉም «ሁለት ሳምንት ምን አላት? እንግዶች መጥተው ሲሄዱ ይከፈታል» እያልኩ ራሴ አስረዳሁ።

የንባብ ቤቱ በር ወለሉ ላይ አይገጥምም ነበር፤ ከሥሩ እጅ የማያስገባ ክፍተት ነበረው። ታጁዲን እኔ በሌለሁበት ሲመጣ ደብዳቤዎቹን በዚያ ገፋ አድርጎ መሄድ ልማዱ ነው። የተለጠፈውን ወረቀት ልብ ሳይል፣ ውስጥ ሆኜ ቀለም የማስቀባ መስሎት በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እንደ ልማዱ አደረገ። ዘጠኝ ደብዳቤ ገባ። መታሸጉን ስነግረው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን በእጄ ይሰጠኝ ጀመር፤ የገባው ግን ገብቷል።

4ኛ. ኅዳር 8 ቀን ሐሙስ፣ የሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ከገበያ መጥተው ደጅ ቆሙ። አዮ ሞሚና ተንበርክከው በክፍተቱ አዩ። ቆይተው ጉንጫቸውን መሬት ላይ አስነኩ። ከአንዱ ፖስታ ላይ ሦስት ፊደል አነበቡ፦ ሞ፣ ሚ፣ ና። የልጃቸውን እጅ ጽሑፍ ያውቁታል። «የኔ ነው» አሉኝ፤ «አንድ ክንድ አይርቅም፣ ተመልከቺ»። ተመለከትኩ። እውነታቸውን ነበር። «ነገ ይከፈታል፣ አዮ» አልኳቸው። እርስዎን ሳላገኝ ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ለኃላፊነትዎ ካለኝ አክብሮት የመጣ ስሕተት ነውና አይቀየሙኝ።

በማግስቱ ቢሮዎ ሄጄ ተቀመጥኩ። በዚያው ዕለት ዘበኛችን ሐሰን ሽቦ አጥፎ ሁለት ደብዳቤ ከሥር ጎትቶ አወጣ፤ ሁለቱም የሌላ ሰው ነበሩ። የአዮ ሞሚና ፖስታ ሽቦው ሲነካው ወደ ውስጥ ሸሸ። ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን፣ «የታሸገ ተቋም ተነካካ» የሚል ጥቆማ ደርሶዎት ግንበኛ ላኩልን። ክፍተቱን በሲሚንቶ ደፈነው። ስለ ፍጥነቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ጣራችን እንዲጠገንልን ካመለከትኩ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከኮሚቴዎ ዘንድ ግንበኛ መኖሩንም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ስለ ወረቀቱም ልናገር። ማኅተሙ የተመታበት ወረቀት በጥፍር ይቀደዳል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

5ኛ. ኅዳር 12 ቀን ሰኞ ጠዋት ሸራ የለበሱ የጦር መኪኖች ከሐረር በኩል መጥተው በከተማችን መካከል አለፉ። አልቆሙም። አዮ ሞሚና መደባቸው ላይ ነበሩ። አቧራው ሲነሣ ሻሻቸውን ፈትተው ሽንኩርቱን ሸፈኑ፤ መኪኖቹ ሲያልፉም አራግፈው መልሰው አሰሩት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ምን እንዳየሁ አላወቅሁም።

ታኅሣሥ 13 ቀን ሐሙስ ታጁዲን ሌላ ደብዳቤ አመጣላቸው። ቤቱ እንደታሸገ ስለነበር ግቢው ውስጥ ቆመን፣ እንደ ሥርዓታችን ሰዓዲያ አነበበችው። «አዮ፣ ቦርደዴ ሦስት ሰዓት ቆምን። ከእናንተ በኩል የመጣ መኪና ሁሉ ሲቆም ወርጄ አየሁ። አልተቀየምኩም። ደብዳቤዬን ያነበበልሽ ሰው ቀኑን ተሳስቶ ይሆናል። አሁን ሰሜን ነን፤ ይበርዳል» ይላል። ሰዓዲያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቦርደዴ ከእኛ አልፎ በአዋሽ መንገድ ያለች ከተማ መሆኗን እንጂ ማንም ሌላ ነገር አልገባውም። ሐሰን «ምን ቦርደዴ?» አለ። አዮ ሞሚና ግን ዞረው በሩን አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

6ኛ. እንግዶቹ ኅዳር 29 ቀን ወደ ሐረር ሲያልፉ ጊዜ ስላልበቃቸው በመኪናቸው መስኮት እጃቸውን አወዛውዘውልናል። ሰማያዊውን ግድግዳ ከመንገድ ሳያዩት አይቀሩም። ማኅተሙን የመፍታት ሥልጣን ያለዎት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ እርስዎም ሴሚናር ላይ ስለነበሩ፣ በሩ የተከፈተው ጥር 6 ቀን ነው። ሁለቱ ሳምንት አሥራ አንድ ሆነው መሰንበታቸውን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም፤ ወለሉ ያን ሁሉ ጊዜ አንድም የጫማ ዳና እንዳልነካው ለመመስከር ነው።

ሰባቱ ደብዳቤዎች ወለሉ ላይ ነበሩ። የአዮ ሞሚናን አንሥቼ ላነብላቸው ስከፍት እጃቸውን ዘረጉ። «ይህን እኔ ነኝ የማነበው» አሉ። ሥርዓቱ ሲጣስ ከረዲያ በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ ደብዳቤውን ግን ሰጠኋቸው። ደፉ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ኋላ አሳይተውኛልና እጠቅሰዋለሁ፦ «አዮ፣ ይህን በሾፌር እጅ ድሬዳዋ ፖስታ ቤት አስገብቼዋለሁ። ወደ ሰሜን ሊወስዱን ነው። አሰበ ተፈሪን ሳንቆም እናልፋለን፤ ቦርደዴ ግን ለምሳ እንቆማለን። ኅዳር 12፣ ሰኞ። ምንም አታምጪ፣ ራስሽን ብቻ። ለማንም አትስጪ፣ ይህን አንቺው አንብቢው። ካነበብሽው ትመጫለሽ፤ ያን ጊዜ ማንበብሽን አምናለሁ።»

ጨርሰው አጠፉት። «ሰኞ ነበር» አሉ። ወደ መንገዱ እያዩ «ሰኞ ሽንኩርት ስሸጥ ነበር» አሉ።

ከሰሜን ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እሳቸው አራት ጻፉ። አንድም መልስ የለም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ቀርተው አያውቁም፤ የሰው ደብዳቤ ያነባሉ። የሰው ልጅ ደኅና ነኝ ሲል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት።

7ኛ. የላኩልን የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሼህ አብዱልቃዲር ረቡዕ ዕለት አስነበቡትና «ስኳር የለበትም?» ብለው ጠየቁ። የለበትም አልናቸው።

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፤ ወደ ትእዛዝዎ እመለሳለሁ። ቁልፉን ላስረክብዎ አልችልም፤ እኔ ዘንድ የለምና። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት በደንቡ መሠረት ርክክብ አድርጌ ለወይዘሮ ሞሚና ሰጥቻለሁ። ፈርመው ተቀብለዋል፤ ፊርማቸው ሦስት ፊደል ነው። ቁልፉን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረውታል። እርስዎ ወይም ወኪልዎ ቁልፉን ከእሳቸው ሊረከቡ ከፈለጉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር በሽንኩርት መደባቸው ላይ ያገኟቸዋል። ቀርበው ይጠይቋቸው። አማርኛ ይሰማሉ። ከስብሰባ በኋላ ለወገብዎ ጥቂት ቢቀመጡም በርጩማ አላቸው።

እምቢ ያለ ሠራተኛ ወደሚላክባት ወደ መቻራ ለመዛወር ሻንጣዬን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፤ የዝውውር ደብዳቤዬን መጻፍ እንዳያደክምዎ ስሜን ከታች በግልጽ ጽፌያለሁ። እስከዚያው ለንባብ ቤታችን ያሳዩትን አባታዊ ጥንቃቄ ሳልረሳ፣ በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ አምና በፊርማዬ የተባበርኩዎ የሥራ ባልደረባዎ፤

ዘርፈሽዋል ደጀኔ
የንባብ ቤቱ ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለንባብ ቤቱ በር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በር ሥር አስገብቼ ልተውልዎ አስቤ ነበር፤ ሲሚንቶዎ ጠንካራ ሆኖ ስለተገኘ ማኅተምዎ በነበረበት ቦታ ላይ ለጥፌዋለሁ። በተረፈ፣ በእኛ ቤት የራሱን ደብዳቤ ራሱ የሚያነብ ሰው እንደሌለ ከላይ ተመልክተዋል። ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ ከገበያ በኋላ ይምጡ። አዮ ሞሚና ያነቡልዎታል። ቀስ ይላሉ፤ ቀን ግን አይሳሳቱም።