የአዲሱን ሰፈር ውሃ የዘረጉት የአቶ ኪዳን አወቀ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኪዳን አወቀ ከአባታቸው ከአቶ አወቀ ዋለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስመኝ አድማሴ፣ በጃማ ወረዳ ከደጎሎ ወረድ ብሎ በሚገኝ የገብስ አገር በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በደጎሎ ነው። ትምህርታቸውን በመካነ ሰላም ቀጥለው፣ የቧንቧ ሥራ በደሴ ተምረው፣ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጡረታቸው ድረስ በመካነ ሰላም ውሃ ሲዘረጉና ሲጠግኑ ኖረዋል።

ይህን የምጽፈው ታናሽ እኅታቸው ብዙዬ ነኝ። ወንድሜ ለሥራቸው ሟች ነበሩ። የሚያፈስ ቧንቧ ካዩ ጭቃም ቢሆን ይንበረከካሉ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ የኔአለም ጋር በተክሊል ሲጋቡ እንኳ ሚዜዎቻቸው ከቧንቧ ሥር ጎትተው አስነሥተዋቸዋል! ከዚህ ትዳር መቅደላዊትንና አድማሴን አፍርተዋል።

በ2008 ዓ.ም. እርሳቸውም ቤት ሠርተው በሚኖሩበት በከተማው ዳር ባለው አዲሱ ሰፈር፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ በየግቢው ገባ። መስመሩን የዘረጉት ወንድሜ ነበሩ። ደስታው ግን አልሰነበተም። ሳሙናው አረፋ እምቢ አለ፣ ባቄላው ሲንተከተክ ውሎ ጥሬውን ወጣ፣ የማንቆርቆሪያው ሆድ ነጭ ድንጋይ ለበሰ። «ይህን ጠጥተን ሆዳችን ምን ሊሆን ነው!» ተባለና ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ድሮው ምንጭ ወረደ። ወንድሜም፣ ነጩ ነገር ውሃው በአለት ውስጥ ሲያልፍ ይዞት የሚመጣው ነው፣ ሰው አይጎዳም፤ ማንቆርቆሪያውን በሎሚ አፍሉት፣ ባቄላውን ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ምንጩ ግን ቢጣፍጥም የበረት እጣቢ ይገባበታል እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባቸው።

የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ሲደርስ ጠላው በቧንቧ ውሃ ተጠመቀ። አልደበቁም፤ ገና ሳይቀዳ ተናገሩ። ማኅበርተኛው ለወጉ ያህል ከንፈሩን አርሶ ዋንጫውን አስቀመጠ። የማኅበር ጠላ ሳይጠጣ ሲቀር ለባለቤቱ ምን ዓይነት ውርደት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ወይዘሮ የኔአለም አለቀሱ፤ በማግሥቱም ከሴቶቹ ጋር ወደ ምንጩ ወረዱ። ወንድሜ ከባለቤታቸው አልተጣሉም። እኔ ብሆን እጣላ ነበር።

በዚያው ክረምት ሰፈሩ በተቅማጥ ተመታ። ከአረብ አገር ተመልሳ አጠገባቸው ቤት የሠራችው የሱሀይላ ሕፃን ዓይኑ ጎደጎደ። «አላልኩም ነበር?» የሚባልበት ቀን ያ ነበር፤ ወንድሜ ግን ልጁን አቅፈው በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ልጁ ሲድን ሱሀይላ «አላህ በጋሽ ኪዳን እጅ ልጄን መለሰልኝ፤ ከእንግዲህ የማጠጣው የቧንቧውን ነው» ብላ በየደጁ ተናገረች። ወይዘሮ የኔአለምም ከምንጩ ተመለሱ፤ ሰፈሩም ቀስ በቀስ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ክረምት አላየንም፤ ይህ የወንድሜ ሥራ ነው፣ እኮራበታለሁ።

አቶ ኪዳን በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐረፉ። አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ሹክሹክታው ተጀመረ፤ «ያ ድንጋያም ውሃ ነው የበላቸው» ይባላል። ኧረ ምነው ሰዎች! ወንድሜ ይህን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ደሴ ተኝተው ሳሉ ያስጨነቃቸው ሞታቸው ሳይሆን ይኸው ወሬ ነው። «ብዙዬ፣ እኔ ስሞት ውሃው ነው ይሉና ተመልሰው ምንጭ ይወርዳሉ። ልጆቹ ያልቃሉ። ሰው ሳይበተን ንገሪልኝ» አሉኝ።

እነሆ እናገራለሁ። ሐኪሞቹ እንደነገሩን ኩላሊታቸውን የጎዳው ለብዙ ዘመን ያልታከሙት የደም ግፊት ነው። ለቧንቧ የሞቱት ወንድሜ ኪኒን መዋጥ አይወዱም ነበር። ጥፋቱ የእርሳቸው ነው፤ የውሃው አይደለም።

አቶ ኪዳን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። አምላካችን ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፣ እኛንም ያጽናን።

ከቀብር ስንመለስ በድንኳኑ ውሃ የሚቀዱላችሁ ወይዘሮ የኔአለም ራሳቸው ናቸው። የሚቀዱትም ከቧንቧው ነው። ለወንድሜ ያለቀሰ ሁሉ ይጠጣ።