ስለ ሐሙሱ ክዳን ለወርቃማው ጥርስ ኮሚቴ

ለተከበሩ ወይዘሮ ማርዲስ ፕሩዊት
የወርቃማው ጥርስ ሽልማት ኮሚቴ ሊቀመንበር
ቴነሲ

ክብርት ሆይ፣ እርስዎና የኮሚቴዎ አባላት፣ ባለፈው ክረምት ቀዶ ጥገና የተደረገለት የጸሐፊዎ ጉልበት ሳይቀር፣ በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አለሁ። በደብዳቤዎ እንደነገሩኝ ከሆነ እንዲያውም ከመቼውም በላይ አስቂኝ ሆኛለሁ።

ከአባላቱ መካከል ለማያውቁኝ ስሜ ዴልመር ታኬት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከከተማችን አሮጌ ጎተራ በሬዲዮ በሚተላለፈው ዝግጅት ላይ የፊት ጥርሶቼን በጥቁር ሰም ሸፍኜ፣ የሕፃን ባርኔጣ አናቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሌሎች እያለቀሱ የዘፈኗቸውን የካንትሪ ዘፈኖች ግጥም እያጣመምኩ ሳላግጥባቸው ኖሬአለሁ። ሚስቱ ጥላው የሄደችውን ሰውዬ ትራክተሩ አልነሳ ብሎት እንዲያለቅስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጥርሰ ወላቃው ዴልመር ይሉኛል።

ባለፈው መጋቢት ባለቤቴ ቬርና ሞተች። በታመመችበት ሰሞን አንድ ቀን ጊታሬን ስቃኝ አይታኝ፣ “ዴልመር፣ እስቲ አንዴ እንኳ ሰሙን ከጥርስህ ጠርገህ ዝፈንልኝ” አለችኝ። እሺ አልኳት። በተቀበረች በስድስተኛው ሳምንት ጥርሴን ጠርጌ፣ ባርኔጣዬን ቤት ትቼ መድረክ ላይ ወጣሁና ራሴ የደረስኩትን ዘፈን ዘፈንኩ። ዘፈኑ ስለ መድኃኒት ሣጥኗ ነው፤ ክዳኖቹ ላይ የቀናት ስም የተጻፈበት። ቬርና ያረፈችው ረቡዕ ነበር፤ የሐሙሱ ክዳን እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

እንግዲህ የኮሚቴዎን ውለታ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ይህን ዘፈን “የዓመቱ ምርጥ ማላገጫ” ብላችሁ ስለመረጣችሁት ከልብ አመሰግናለሁ። በርግጥ መጀመሪያ የሳቀው ሕዝቡ ነው። የጥርሴን መጠረግ አዲስ ቀልድ አድርጎ ስለቆጠረው ገና አፌን ስከፍት አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ሐሙስ ላይ ስደርስማ ፊት ለፊት የተቀመጠው መካኒኩ ኦርቪል፣ “ኧረ ገደልከኝ አንተ ሰውዬ! ሬሳዋን እንኳ አታሳርፋትም?” እያለ ጉልበቱን ይመታ ነበር። ኦርቪል ሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነው። አልፈርድበትም፤ እኔ አፌን ስከፍት እንዲስቅ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ማላገጫ ሁሉ የሚላገጥበት ዋና ዘፈን ሊኖረው ይገባል በሚለው ደንባችሁ መሠረት፣ ሦስት ሊቃውንት ዋናውን ዘፈን ሁለት ወር ሙሉ እንደፈለጉና እንዳጡት በምስክር ወረቀቱ ላይ ገልጻችኋል። “ምንጩ እንኳ እስከማይታወቅ ድረስ የረቀቀ” ማለታችሁ አኩርቶኛል። ቤቴ ብትመጡ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ታገኙት ነበር፤ ሣጥኑ ከማብሰያው አጠገብ መስኮቱ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀልድ አለመሆኑን በስልክ ሳስረዳዎ እስኪያስልዎ ድረስ ስቀው፣ “ይህቺንማ መድረክ ላይ እንዳትረሳት!” ስላሉኝ አመሰግናለሁ። አሁን ዱቄት ልገዛ ስገባ ባለሱቋ “ሐሙስ እንዴት ናት?” ትለኛለች። እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

አራተኛውን ጽፌው ነበር፤ ሳነበው እኔንም ስላሳቀኝ ቀደድኩት።

ልመናዬ አንድ ናት፤ ሽልማቱን ለሌላ ሰው ስጡልኝና ያ ዘፈን ማላገጫ እንዳልነበረ በአንድ መስመር በሬዲዮ አስነግሩልኝ። ለቬርና የገባሁት ቃል ይኸው ብቻ ነበር፤ አንዴ፣ ያለ ቀልድ። እንደማታደርጉት አውቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ራሱ በሽልማቱ ዕለት የመድረክ ማሞቂያ ሆኖ እንደሚነበብ፣ ኦርቪልም ጉልበቱን እንደሚመታ አውቃለሁ። ጥሪያችሁ “ሰሙንና ባርኔጣውን እንዳይረሱ” ይላል፤ ታዛዣችሁ ነኝና ሁለቱንም በዚሁ ፖስታ ልኬላችኋለሁ። ለምትመርጡት ሰው አልብሱት።

ካሁን በኋላ ጥርሱን የሚሸፍንበት ምክንያት የሌለው፣ ለሳቃችሁ ዕድሜ የሚመኘው ትሑት አገልጋያችሁ፣

ዴልመር ታኬት

ማስታወሻ፦ በላካችሁልኝ ቅጽ ላይ “የዋናው ዘፈን ባለቤትና አድራሻ” የሚለውን ባዶ ቦታ በታዘዝኩት መሠረት ሞልቼዋለሁ፦ ቬርና ታኬት፤ ከመጥምቃውያን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር ሳትደርሱ። ለማላገጥ ፈቃዷን እዚያው ሄዳችሁ ብትጠይቋት ደስ ይለኛል፤ ዝም ብትላችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ እየቀለደች እንዳይመስላችሁ።