የልጄን ሦስት ጥናቶች ለወንድሟ ስለሰጡበት ደግነት

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ወንድወሰን አብተው፣ በጅማ የኮሌጃችን የማዕረግ ዕድገት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ጽሕፈት ቤትዎ ቃሉን ሁሉ ለሚያምንለት ለዚያ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ጭምር አላህ ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። እኔ ሙሀጅር ኡመይር እባላለሁ፤ ጅማ ውስጥ በርጩማና ወንበር ስሠራ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመጽሔት ላይ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ሆኖም በመዝገብዎ ውስጥ የሦስት ጥናቶች ባለቤት በእኔ ስም ስለሚጠራ፣ ምሁር ለምሁር እንደሚጻጻፈው ብጽፍልዎ በድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሂንድ እዚያው ኮሌጅ መምህርት ናት። ሦስት ክረምት ሰቃ ወረዳ እየተመላለሰች የቡናን በሽታ አጥንታ ሦስት ጥናት አሳተመች። ወንድሟ ሀቢቡላህም እዚያው ሒሳብ ያስተምራል፤ እሱ ቡናን የሚያውቀው ስኒ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ሂንድ ለረዳት ፕሮፌሰርነት ስታመለክት የታተመ ሥራ እንደሌላት ተነገራት፤ ሀቢቡላህ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ በቡና በሽታ ላይ ላደረገው ምርምር የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። ለዚህ ቸርነትዎ እያመሰገንኩ ያልገቡኝን ጥቂት ነገሮች በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ያለው የራስ ስምና የአባት ስም ነው። እሱ ግን የእኔን ስም በሙሉ አስቀምጦ የልጆቼን ስም በፈረንጅ ፊደል ወደ አንድ ፊደል አሳጠረውና ሁለቱም «ሙሀጅር ኤች» ሆኑ። ከዚያም የአባት ስምና አንድ ፊደል ከገጠመ ሰውየው አንድ ነው ብሎ ሥራቸውን በሀቢቡላህ መዝገብ ሥር አዋሐደ። እናታቸው ዙቤይዳ ሁለት ጊዜ ማማጧ ትርፍ ድካም እንደነበር የተረዳችው ገና አሁን ነው።

2. ጥንቃቄውን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። የመጽሔትን ስም የሚያሳጥረው ከያዘው ዝርዝር ጋር አመሳክሮ እንደሆነ ሂንድ አስረድታኛለች። እሷ በአንድ መጽሔት ስም መካከል «እና» ብላ ብትጽፍ፣ ዝርዝሩ ላይ በዚያ ቦታ ያለው የ«&» ምልክት ስለነበር መጽሔቱን አላውቀውም ብሎ ሳያሳጥር ተወው። በአንዲት «እና» ምክንያት ሁለት መጽሔት እንዳይደባለቅበት እንዲህ የሚጨነቅ መሣሪያ፣ ሁለት የሰው ልጆች ሲያደባልቅ ማንንም አልጠየቀም። ልጆቼ መጽሔት ሆነው ቢወለዱ ይሻላቸው ነበር።

3. ሂንድን በሥራዋ ረድቶ ስሙ በጥናቱ ላይ ከእሷ ጋር የተጻፈው የሰቃ ቡና አምራቾች ማኅበርም በሶፍትዌሩ ዘንድ ሰው ሆኗል። የቤተሰብ ስሙ «ማኅበር» ነው፤ የቀረው በነጥብ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አቶ ማኅበርም አንድ ቀን ማዕረግ ቢጠይቁ እባክዎ አይከልክሏቸው።

4. ይህኛው ከሁሉ ይከብደኛል። ሀቢቡላህ ራሱ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ሥራው የእሱ ሳይሆን የእህቱ መሆኑን ተናገረ። እርስዎም ትሕትናውን አድንቀው፣ ሲስተሙ እንደማይሳሳት ነግረው ሸኙት። ሰው በገዛ አፉ የመሰከረው በማይቆጠርበት ቢሮ ሂንድ ምን ማስረጃ ይዛ ትምጣ? የማመልከቻው ጊዜ የፊታችን ዓርብ ያበቃል። ትናንት ከእናንተ ዘንድ ስትመለስ እንጨት የምልግበት ቦታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አባ፣ ሰቃ ጭቃ ውስጥ ሦስት ክረምት የቆምኩት እኔ አልነበርኩም እንዴ?» አለችኝ። ተናድጃለሁ፤ አፍሬያለሁም። ለልጄ የሰጠኋት ስም እሷኑ ይሸፍናታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። እስከ ዓርብ ባለው ጊዜ ሦስቱን ጥናቶች አስመጥተው የመጀመሪያ ገጻቸውን ይዩ። ስሟ እዚያ በሙሉ ተጽፏል። ለማንበብ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ሳልመራመር ያገኘሁትን ምሁርነት ከታላቅ አክብሮት ጋር የምመልስልዎ፣

በርጩማ ሠሪው ሙሀጅር ኡመይር
ጅማ

ማሳሰቢያ፦ ፖስታው ላይ በጽሕፈት ቤትዎ ደንብ መሠረት የአባትዎን ስም በሙሉ፣ የእርስዎን በአንድ ፊደል ጽፌያለሁ። ደብዳቤው ለአባትዎ ለአቶ አብተው ቢደርስ አይቀየሙኝ፤ ልጃቸው ማንበብ ያቃተውን እርሳቸው ያነቡልኝ ይሆናል።