የቀኙ መብራት

ረቡዕ፣ መስከረም 21

የቀኙ አይበራም። ሦስት ጊዜ አበራሁ፣ ሦስት ጊዜ ወርጄ አየሁ። የማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው የግራው ብቻ ነው።

ዮናስ ከሞተ ጀምሮ መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም። እኔ ግን በየሦስት ቀኑ ሞተሯን አስነሳለሁ። “እማ፣ የቆመ መኪና መጀመሪያ የሚሞተው ባትሪው ነው” ይለኝ ነበር። ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች የሞተር ድምፅ ሲሰሙ እርስ በርስ ይተያያሉ። ይተያዩ።

እሑድ የልጄ አርባ ነው። ፍትሐቱ በቆጂ፣ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ነው። የሟች ባሌ ወንድም ታዬ ትናንት መጥቶ ወሰነ። “አንቺ እዚሁ አሰላ ሆነሽ እንግዳ ተቀበይ። በቀብሩ ዕለት የሆንሽውን አይተናል። ደም ግፊትሽም አለ” አለኝ። በቀብሩ ዕለት የሆንኩት ምንድን ነው? ልከተል ስል ይዘው አስቀሩኝ። ልጄ የት እንደተኛ እስከ ዛሬ አላየሁም።

መንጃ ፈቃድ አለኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ አስተምሮ ያስወጣልኝ ዮናስ ነው። ግን እሱ ጎኔ ሳይቀመጥ ነድቼ አላውቅም። እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካልወጣሁ ታዬ ይደርስብኛል። በዚያ ሰዓት ደግሞ እስከ ሳጉሬ፣ ከሳጉሬም ወዲያ ጉም ነው። በአንድ ዓይን አይኬድም።

የሚያስፈልገኝ፦ አምፖል። ካቻቢቴ (በመሳቢያው ውስጥ አለ)። ሰው የማይኖርበት አንድ ሰዓት። ድፍረት።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ለቅሶ ደራሾች ለምሳ ሲበተኑ የመኪናዋን ኮፈን ከፈትኩ። ከመብራቱ ጀርባ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ በባትሪውና በብረቱ መካከል እጄን አስገብቼ በዳበሳ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ሶኬቱ። ቀጥሎ ክቡ የጎማ ክዳን። ከዚያ አምፖሉን የያዘች ቀጭን የሽቦ ሞላ። ሞላዋ ስትለቅ ተስፈንጥራ ጠፋች። መሬት ላይ ተንበርክኬ ስፈልግ ሐዋ በአጥሩ በኩል አየችኝ። ሐዋ ጎረቤቴ ናት፤ አጠገባችን ሱቅ አላት።

“አስካለ! ምን ሆነሽ ነው? ሶላት ጀመርሽ እንዴ?”

ሳቅኩ። አርባ ቀን ሊሞላ ሲል የመጀመሪያው ሳቄ ነው። ወዲያው አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፣ ሰው የሰማኝ መስሎኝ።

ነገርኳት። ሐዘንተኛ እስከ አርባ ከግቢ ስለማይወጣ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ አልችልም። ሐዋ አሮጌውን አምፖል ለናሙና በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች። ሞላዋን ጎማው ሥር አገኘኋት። ጣቴ ደምቷል።

አመሻሽ ላይ ሐዋ አሮጌውንና አዲሱን ይዛ መጣች። “አንድ ነው የቀራቸው። አደራ፣ እንዳትሰብሪው” አለችኝ።

ዓርብ፣ መስከረም 23

በራ! ሁለቱም ግድግዳው ላይ፣ ጎን ለጎን። ብቻዬን “እሰይ” አልኩ።

ሐዋ ግን ለማንኛውም ብላ፣ ዮናስ መኪናዋን ያሠራው ለነበረው መካኒክ፣ ለኦቦ ገመዳ ደወለችልኝ። ድምፄን ሲሰማ “ነፍስ ይማር” አለ። ከዚያ፣

“አዮ፣ እናቴ፣ አምፖሉን ሲያስገቡ መስታወቱን በእጅዎ ነኩት?”

“ነካሁት። ብርዱ እጄን ሰነጣጥቆት ቫዝሊንም ተቀብቼ ነበር።”

“ኧረ አቦ! ቅባት የነካው ቦታ ለብቻው ይግላል። ዛሬ ቢበራም መንገድ ላይ ይከዳዎታል። ያውጡትና በስፒሪት ይጥረጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ይመልሱት።”

“ስፒሪት የለኝም።”

“የለቅሶ ቤት አረቄ ያጣል? ጠንከር ባለው ይጥረጉት።”

ለእንግዳ የተቀመጠውን ጠርሙስ አውጥቼ በጥጥ ጠረግኩት። ስቸኩል ቀሚሴ ላይም ፈሰሰ። አምፖሉን በጨርቅ ይዤ መለስኩ፣ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ጠርሙሱን ይዤ ቤት ስገባ ታዬ በሩ ላይ ቆሟል። አሸተተኝ። ጠርሙሱን አየ። እኔን አየ።

“ጭራሽ ይሄን ጀመርሽ?”

እውነቱን ብነግረው መኪናዋን ለምን እንደምጠግን ይገባዋል፣ ቁልፉን ይወስዳል። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠረው። “የወንድሜ ሚስት!” ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ከስድቡ ይልቅ ያ አመመኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

ከሄደ በኋላ አሮጌውን አምፖል ከመሐረቡ አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። መስታወቱ ላይ ግራጫ የጣት ምልክት አለ። ክረምቱ ሲገባ ያስገባው ዮናስ ነበር፤ እሱም በእጁ ነክቶታል። ኦቦ ገመዳ እንዳለው ያቃጠለው ይኼ ይሆናል።

ይህንን በአረቄ አልጠረግኩትም። ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ታዬ ሚስቱን አልማዝን ፍራሽ አሸክሞ ላከብኝ። ከእኔ ጋር ልታድር ነው። ልትጠብቀኝ ማለት ነው። ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ቁም ሳጥኑን ከፍታ ጠርሙሶቹን መሰብሰብ ነው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ዛሬ የመጡት ሴቶች ሲስሙኝ ትንፋሽ ስበው ያሸቱኛል። አንዷ “ሐዘን የማያደርገው የለም” ስትል ሰማኋት። ወደ ጓሮ ስወጣ አልማዝ ትከተለኛለች። መኪናዋ አጠገብ ስቆም “ብርድ ነው፣ ግቢ” ትለኛለች። በገዛ ግቢዬ ዐሥር እርምጃ ያለ ጠባቂ መሄድ አልቻልኩም።

የመኪናው ቁልፍ ጡቴ ሥር ነው፣ በመሐረብ ቋጥሬዋለሁ።

አልማዝ ፍራሿን የት እንዳነጠፈች ልጻፍ? በሩ ላይ። ተራምጃት ካልሆነ መውጫ የለም።

እሑድ፣ መስከረም 25፣ በቆጂ

መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አልማዝን ስራመዳት እግሬን ያዘችው።

“ወዴት?”

“ወደ ልጄ።”

ተነሥታ ተቀመጠች። “አፍሽን አምጪ” አለች። “ሃ በይ።”

“ሃ” አልኩ።

“ንጹሕ ነሽ። ታዲያ የዓርቡ ምን ነበር?”

አምፖል ጠርጌበት ነው አልኳት። አላመነችም። መኪናዋ ዘንድ ወስጃት መብራቱን አበራሁላት። ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ስታይ ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተለወጠ።

“በቀብሩ ዕለት ክንድሽን ጠምዝዤ የያዝኩት እኔ ነኝ” አለች። “ያዣት ተባልኩ፣ ያዝኩሽ። እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።” ሄዳ የግቢውን በር ከፈተች፤ ተመልሳ ዮናስ የሚቀመጥበት፣ ጎኔ ተቀመጠች። “ቀስ ብለሽ ንጂ። መንዳት አልችልም፣ መጸለይ ግን እችላለሁ።”

ጉሙ እንደፈራሁት ነበር። ከሃያ እርምጃ በላይ አይታይም። በሁለተኛ ማርሽ ተሳብኩ። አንድ ሚኒባስ ከፊት መጥቶ መብራቱን ብልጭ አደረገብኝ። ቀጥሎ የጭነት መኪናም እንዲሁ። ጠፋ፣ ከዳኝ አልኩ። ዳር ይዤ ወርጄ አየሁ። ሁለቱም ይበራሉ። ገብቼ ትንሽ ሄድኩ፣ ሌላውም ብልጭ።

ሳጉሬ ላይ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ትይዩ ቆሞ መስኮቱን አወረደ። “ዮኒ—” ብሎ ጀመረና እኔን አየ፣ ጥቁር ልብሴንም። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። “ይቅርታ እናቴ። መኪናዋን አይተን ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ሰላም የምንባባለው።”

ከዚያ በኋላ ለመጣው ቀድሜ እኔ ብልጭ አደረግኩለት። መለሰልኝ። አልማዝ ጉልበቴን ያዘች።

ልጄ ባሕር ዛፉ ሥር ነው ያለው። አፈሩ ገና አልተጠቀጠቀም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ማንም አልያዘኝም።

የእነ ታዬ ሚኒባስ ገና አልመጣም። ሲመጣ ምን እንደሚል እንጃ። አልማዝ “እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ሃ ብቻ በይው” ብላኛለች።

አሁን በመስኮት አንኳኩታ ወደ መብራቱ ጠቆመችኝ። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥቷል፣ መብራቱን ግን አላጠፋሁም። ትንሽ ይቆይ ብዬ ነበር። ግን መመለሻም አለብኝ። ባትሪው እንዳይሞት አጠፋሁት።